ከደጃፍ የሚገቡ አስመሳዮች

ጥቅምት 9

ለአለቃዬ፣

ጤናሽ እንደ ቀይ እስክሪብቶሽ ይሁን፤ አይንጠፍ፣ አይድረቅ። የእማዬን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ሳይጀምር ካልሲ መደረብ ጀምሬያለሁና ጭራሮ ትሰበራለች ብላችሁ አትስጉ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን እማዬን ታውቂያታለሽ፤ "ስልክ ወሬ ነው፣ ደብዳቤ ግን ሰው ነው" ትላለች። ከሰላምታው እስከ መጨረሻው ቃል ተነቦላት ካላለቀ ደግሞ ደብዳቤው እንዳልመጣ ነው የምትቆጥረው። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ በይና ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

የምሥራች አለኝ። አንቺ የፊዚክስ አስተማሪ ነሽ፣ ነገሩ በአንድ ቃል ይገባሽ ነበር፤ ለእማዬ ስል ግን ዘርዘር አደርገዋለሁ። እዚህ ከመሬት በታች አንድ ረጅም አዳራሽ አለ። ካኦን የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ጅረት እየጎረፉ ይገቡበታል፤ ብዙዎቹ አዳራሹን ሳይሻገሩ ይፈርሳሉ። የሚፈርሱበትን መንገድ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከአሥር ቢሊዮን ምናልባት አንዱ ግን ፓዮን የምትባል አንዲት ቅንጣት ብቻ ይተውልንና የቀረውን በሁለት ኒውትሪኖ አስይዞ ይጠፋል። ኒውትሪኖዎቹ መሣሪያችን ላይ አይታዩም። መሄዳቸውን የምናውቀው ከገባው ላይ የወጣውን ቀንሰን፣ በጎደለው ነው። ይህ ስንት ጊዜ መሆን እንዳለበት ቲዎሪው አስልቶ ነግሮናል። ከዚያ ከበዛ፣ እስከ ዛሬ ስም ያልወጣለት ነገር እጁን አስገብቷል ማለት ነው። አዲስ ፊዚክስ እያልን የምንፈልገው እሱን ነው።

ችግራችን አስመሳዮቹ ናቸው። ሌላ ነገር ሆነው ሳለ ቁርጥ የምንፈልገውን ይመስላሉ። ስንት አስመሳይ እንደሚጠበቅ ማስላት የእኔ ድርሻ ነው።

እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። የምንፈልገው ነገር የሚገኝበት የመረጃው ክፍል ተዘግቷል፤ "ሳጥኑ" እንለዋለን። ማንም አያየውም። መጀመሪያ አስመሳዮቹን እንቆጥራለን፣ በምን እንደምንፈርድ አስቀድመን እንጽፋለን፣ ሁላችንም እንፈርምበታለን፤ ከዚያ በኋላ ይከፈታል። ለምን ብትይ፣ ሰው የሚመኘውን ቁጥር ካየ እጁ ወደዚያው ያደላል። የሚወደው መልስ ሲመጣለት መፈተሹን ያቆማል። ፕሮፌሰሩ ዘወትር የሚነግረን ይህንን ነው።

ሳጥኑ ግንቦት ውስጥ ይከፈታል። የምከፍተው እኔ ነኝ። የከፈተው ሰው ውጤቱን በጉባኤ ፊት ያቀርባል፤ እዚህ ያለው አንድ ቋሚ የሥራ ቦታም በዚያ ቀን ላይ ነው የተንጠለጠለው። ቢሮ የሚጋራኝ አንድ ልጅ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚያፏጭ አፏጪው እለዋለሁ፤ እሱም ዓይኑን ጥሎበታል።

ስለ አስመሳዮቹ የጻፍኩትን ምዕራፍ፣ ከነአባሪው፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቤት ሥራዬን አንቺ ሳታዪልኝ አስረክቤ አላውቅም። አሁንም እይልኝ። ምን ልላክላችሁ?

ጭራሮ


ኅዳር 21

ለጭራሮ፣

ያለሽበት ብርድ ለአጥንትሽ ይራራልሽ፤ የጀመርሽው ይቅናልሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ይዟት ነበር፤ ደብዳቤሽ ሲመጣ ለቀቃት። የሐኪሙ መድኃኒት ግን አንድ ወር ሙሉ ምንም አላደረገላትም።

አንብቤላታለሁ፣ እስከ መጨረሻው ቃል። ስለ ኒውትሪኖው ስትሰማ "ሳይታይ የሚሄድ ከሆነ መሄዱን በምን አወቁ?" አለችኝ። በጎደለው ነው ስላት ራሷን ነቀነቀች። "እሱስ እውነት ነው፤ ልጄ ከሄደች ወዲህ ይሄ ቤት ጎዶሎ ነው" አለች። እኔ እኮ አጠገቧ ነው የተቀመጥኩት። ደብዳቤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ "ያቺ ሊቅ እህትሽ እንዴት ናት?" ትለኛለች። ቀጥላ ደግሞ "አንቺስ አሁንም ታስተምሪያለሽ?" አሁንም የምትለውን ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ታመሻል ወይ እንደሚል ሰው። ምን ይደረግ፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል። ያንቺ ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። የእኔ ቁም ሳጥኑ ጎን ተሰቅሎ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሸፈናል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። አንቺ የአጎቴ ልጅ ነሽ፤ አባትሽ ከሞተ ጀምሮ ግን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ከአንድ የሂሳብ መጽሐፍ ተምረን ነው ያደግነው። አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ፣ ሁለተኛ አንቺ። የውጭው ትምህርት ዕድል ሲመጣ እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና አንዳችን መቅረት ነበረብን። የሆዷ ልጅ እኔ ነኝ፤ ቀረሁ። አልቆጨኝም እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ደረብኩ።

ዛሬ ስለ ሞገድ አስተማርኩ። የላብራቶሪያችን ቁም ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ርዕሰ መምህሩ "መስበር ንብረት ማበላሸት ነው" ስለሚል መሣሪያዎቹ ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው። አንዲት ተማሪ የልብስ ማስጫ ገመዱን ጫፍ ይዛልኝ እኔ ሳወዛውዝ ሞገዱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ክፍሉ ሳቀ። ያንቺ ሳጥን በሕግ ነው የተዘጋው፣ የእኛ በመርሳት።

ምዕራፍሽ ደርሶኛል፤ ፈተና አርሜ ስጨርስ አየዋለሁ። ምን ልላክ ካልሽ፣ እማዬ መነጽር ትፈልጋለች። "ፊደል አልቆጠርሽ፣ ምን ያደርግልሻል?" ብላት "ደብዳቤ ሲነበብልኝ አጥርቼ ካላየሁ አይሰማኝም" አለችኝ። ለተማሪዎቼ ደግሞ ሁለት ጠንካራ ማግኔት ካገኘሽ ጨምሪበት።

አለቃ


ጥር 6

ለአለቃዬ፣

እጅሽ አይዛል፣ ድምፅሽ አይጥፋ፤ ያንን ሁሉ ልጅ በገመድ ለምታስተምሪ ሴት ሌላ ምን እመርቃለሁ። መነጽሩንና ማግኔቶቹን ልኬያለሁ። ማግኔቶቹ ጣት ይቆነጥጣሉና አለያይተሽ አስቀምጫቸው።

ቀናሁ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ ብቻ የቀናሽ አይምሰልሽ። ስደውል የምታነሺው አንቺ ነሽ። ከኋላሽ እማዬ በሆነ ነገር ስትስቅ ይሰማኛል። ምን ሆና ነው ስልሽ "ኧረ ምንም፣ የቤት ነገር ነው" ትይኛለሽ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው መሸጫ ማሽን ምሳዬን አውጥቼ፣ ማሽኑን ተደግፌ እየበላሁ፣ ምን ነበር ያሳቃት እላለሁ። የቤት ነገር ብለሽ የናቅሽው እዚህ በየትኛውም ማሽን አይሸጥም። የምታርፍበት ወንበር፣ የምትቆጣው ቁጣ፣ ሁሉም ላንቺ ነው። እኔ የሚደርሰኝ ምርቃቱ ብቻ ነው፣ እሱም በአንቺ የእጅ ጽሕፈት።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ሥራው ከተሰጠኝ የእማዬን ወረቀት አስጨርሼ ወደዚህ እወስዳታለሁ። ዓይኗንም ጉልበቷንም በደንብ ያዩላታል። አንቺም ታርፊያለሽ፤ ያንን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ተሸክመሻታል። ባትወልደኝም ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ልጄ የምትለው እኔንም ነው። ይህን ስታነቢላት ፊቷን እይልኝና ምን እንዳለች ጻፊልኝ።

ምዕራፉን አየሽው? ፕሮፌሰሩ ያለ ምንም እርማት አሳልፎታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እሱ ሰው ያከብራል፣ ያልፋል። አንቺ ግን አታልፊም።

አፏጪው ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ "ግንቦት ላይ ምን ትለብሻለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ልብስ መግዛቱን ገና አላሰብኩበትም ነበር፤ አሁን እሱን ሳስብ ነው የምውለው።

ጭራሮ


የካቲት 18

ለእህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕቃው ደርሷል። እማዬ መነጽሩን ደብዳቤ በሌለበትም ቀን ታደርገዋለች፤ ዜና ለመስማት፣ ዝናብ ለመስማት። ስለ መውሰዱ ምንም አላለችም።

ምዕራፍሽን አየሁት። አጻጻፍሽ ተሻሽሏል። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ግን ከደጃፍ ስለሚገቡት አስመሳዮች የጻፍሽው ልክ አይደለም። ጅረቱ አዳራሹ ውስጥ ሳይገባ ደጃፉ ላይ ያለውን ብረት ይመታል፤ ከዚያ የተፈናጠረች ፓዮን ትገባና እውነተኛዋን መስላ ትቆጠራለች ብለሻል። ጥሩ። ነገር ግን የቆጠርሽው ከመጨረሻው ብረት የመጣውን ነው። ከሱ በስተኋላ ያለው የማግኔት ጠርዝስ? እሱም ይመታል፣ እሱም ያስገባል። እንዳሰላሁት ከሆነ አስመሳዮችሽ አንቺ ካልሽው ሦስት እጥፍ ናቸው። በዚህ ቁጥር ሳጥኑን ከከፈትሽ፣ አስመሳይ ቆጥረሽ አዲስ ፊዚክስ አገኘሁ ልትይ ነው፤ ያውም በጉባኤ ፊት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህንን ከመጻፌ በፊት ብዙ አሰብኩ። ብነግርሽ ምቀኛ ትይኛለሽ፤ ዝም ብል ምቀኛ እሆናለሁ። የመጀመሪያው ይሻለኛል ብዬ ጻፍኩ።

የምትፈልጊውን አድርጊበት። እኛ ምንም አልጎደለብንም፤ ምንም አትላኪ።

አለቃ


መጋቢት 14

ለአለቃ፣

እንደምነሽ አልልሽም። ደህና መሆንሽን ከቀለምሽ አውቄዋለሁ።

ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ ይጸልያል። እኔ ጸሎት ሳላበዛ ከገዛ አልጋዬ አገኘሁ። ለዓመታት የሠራሁትን ሥራ አይተሽ የወጣሽ ደግ ቃል "ጥሩ" የምትል ብቻ ናት፤ እሷንም ወዲያው "ነገር ግን" ረገጣት። በልጅነቴም እንዲሁ ነበርሽ። ዘጠና አምስት አምጥቼ ስመጣ አምስቱ የት ሄደ ትይኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ኅዳር ላይ ፈተና እያረምሽ ጊዜ አልነበረሽም። ጥር ላይ እማዬን እወስዳለሁ አልኩ። የካቲት ላይ ሦስት እጥፍ መጣ። አጋጣሚ ነው በይኝ።

ምንም አላለችም ያልሽውን ደግሞ አላምንም። እማዬ ስለ ዝናብም አስተያየት አላት።

ጭራሮ


ሚያዝያ 5

ለአለቃዬ፣

ያለፈውን ደብዳቤዬን ነፋስ በወሰደውና ባልደረሰሽ ኖሮ። መልስሽ የሚደርስበት ጊዜ ገና ነው፤ ዝም አይነቅዝም ብለሽ እንዳትተዪው ፈራሁ። እኔ ግን ዝም ስትይ አልችልም።

ተናድጄ ምቀኛ ካልኩሽ በኋላ ቢሮዬ ገብቼ ገጽ አሥራ አንድን አወጣሁ። አፏጪው ያፏጫል፣ እኔ አያለሁ። ስህተቱን አላገኘሁትም። ይህ ግን አላጽናናኝም። አንቺ ስህተት አለ ብለሽ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅማ። አባሪውን እስከ መጨረሻው አንብበሽ እንዳለፍሽው አውቃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ሦስት እጥፍ ካልሽ፣ እኔም ፕሮፌሰሩም ያልታየን ነገር ታይቶሻል ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ወሰንኩና ወደ ፕሮፌሰሩ ሄጄ መክፈቻው ይዘግይልኝ አልኩ።

ፊቱ ተቀየረ። ሁሉም ፈርሟል፣ ጉባኤው ተቃርቧል። "ማን ነው ይህን ያለሽ?" አለኝ። የማውቃት ጎበዝ የፊዚክስ ሰው ናት አልኩት፤ በኩራት ነው ያልኩት። እስከ ግንቦት 15 ሰጠኝ። እስከዚያ ጥያቄውን ካልፈታሁት ሥራው ለአፏጪው ይተላለፋል፤ መክፈቱም፣ ማቅረቡም። ሌላውንም አንቺ ታውቂዋለሽ።

እያሰላሁ ነው፤ ጠርዙን እንዴት እንደቆጠርሽው አልገለጥልሽ ብሎኛል። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጃልና መልሱን አትጻፊልኝ፤ ምቀኛ ካልኩሽ በኋላ እኔ ለመደወል አፍሬያለሁ፤ ይህ እንደደረሰሽ ደውይልኝ። እማዬን በስልክ ነው ብለሽ አስፈቅጃት፤ ለዚች አንድ ጊዜ ትማረኛለች።

ጭራሮሽ


ግንቦት 4

ለጭራሮዬ፣

የገባሽበት ሁሉ መውጫ ይኑረው። እማዬ ደህና ናት፣ ሁልጊዜ እንደምትመርቅሽ መርቃሻለች።

ደብዳቤሽን አንብቤላት ስጨርስ "ያ ወፍራሙስ መቼ ነው የሚነበብልኝ?" አለችኝ። ምዕራፉን ነው። እሱ ደብዳቤ አይደለም፣ የትምህርት ነገር ነው አልኳት። "ልጄ ናት የጻፈችው? በፖስታ ነው የመጣው? እንግዲያው ደብዳቤ ነው" አለችና መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች።

ምን ላድርግ፣ የምተኩሰውን ልብስ ትቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላት፣ ቀመሩን ሳይቀር። አልፋ ሲካፈል ለቤታ ስላት "እሺ" ትላለች። ሲደመር ስላት "ይጨምርላት" ትላለች። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ የራሴን ኤክስ አየሁት፤ ከመጫኔ ብዛት ወረቀቱ ተቀዷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ንጹሕ ናቸው፤ አንድ የቀይ ነጥብ የለባቸውም። አላነበብኳቸውም ነበር።

ይህ የፈተና አራሚ ልማድ ነው። ወረቀት ፊትሽ ተቆልሎ እያለ፣ ልጁ የሳተበትን መስመር ካገኘሽ ኤክስ ታደርጊና ወደሚቀጥለው ልጅ ታልፊያለሽ። ከታች ምን እንደጻፈ ማን ያይለታል። አንቺንም እንደዚያ አረምኩሽ። የተማሪ ወረቀት ላይ ግን ስህተት ሳገኝ አልደሰትም፤ ያንቺ ላይ ያን ቀን ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራድጃለሁ።

እማዬ "አለቀ?" አለችኝ። አላለቀም። "ታዲያ ምን ያስቆምሻል?"

አባሪው ውስጥ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ የማግኔቱ ጠርዝ አለ። ብረቱንና ጠርዙን አንድ ላይ ከራሱ ከመረጃው እንደለካሻቸው፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለው ቁጥር የሁለቱ ድምር እንደሆነ ቁልጭ አድርገሽ ጽፈሻል። እኔ ድምሩ የብረቱ ብቻ መስሎኝ፣ ጠርዙን በሱ ልክ አብዝቼ ያንኑ አስመሳይ ነው መልሼ የደመርኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ያንቺ ቁጥር ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ።

አለቃ


ሰኔ 6

ለአለቃ፣

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አንድ ቃል እንዳትዘይ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? መነጽርሽን አድርጊ። ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥልኝ፤ ደጅሽ ደግ ሰው አይጣ። ይህ ለሁለታችሁም ነው።

ሳጥኑ ግንቦት ሲያልቅ ተከፈተ። የከፈተው አፏጪው ነው። የተሰጠኝ ቀን ሲያልፍ ፕሮፌሰሩ ጥያቄውን ለሱ አስተላለፈው። እሱም እያፏጨ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት እጥፉ አንድን ነገር ደግሞ መቁጠር መሆኑን አሳየ። ያሳየው የእኔን አባሪ ጠቅሶ ነው። እኔ የገዛ አባሪዬን ማመን ትቼ፣ አለቃ ከሱ ወዲያ ምን ታይቷት ይሆን እያልኩ ስዞር ነው ቀኑ ያለፈው።

ስብሰባ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። እኔ ከኋላ፣ ኮት መስቀያው ሥር ቆምኩ። ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ወጡ። ቲዎሪው ከሚለው ላይ እኔ ያልኳቸው አስመሳዮች ሲደመሩ፣ የተገኘው ልክ ያንኑ ያህል ነው። አዲስ ፊዚክስ የለም። ሰው ሁሉ የአስመሳዮቹ ስሌት ግሩም ነው አለ፤ ያለው ግን ወደ አፏጪው ዞሮ ነው። ሥራውም ለሱ ሆነ። ቀናሁበት። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ብስኩት ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ብስኩቱን በላሁ፣ ቅናቱ ግን አልወረደልኝም። ለካ አንቺ ያንን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበር የሚያምሽ፣ አለቃ። አላወቅኩልሽም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" የሚለው ጋ ስደርስ አለቀስኩ፤ ካንቺ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ ቀኑን አየሁት። ግንቦት 4 ይላል።

ደውይልኝ ብዬሽ ነበር። ስልኩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው፣ ከፎቶዬ ሥር። በመሳሳትሽ አልቀየምም፤ እኔም ራሴን ሳላምን ቀርቻለሁና ጥፋቱ የጋራ ነው። ግን ከዚያ እዚህ ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነቱን ነገርሽኝ፤ እንዳይደርስልኝ አድርገሽ ነገርሽኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስልክ ነበረሽ፣ እህቴ።

እማዬን የምወስድበት መንገድ አሁን የለም። ፈርተሽ ከነበረ አትፍሪ።

እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። ካልሲ እደርባለሁ።

ጭራሮ


ሐምሌ 2

ለእህቴ፣

ሰላምታውን ለጊዜው ላቆየው፤ የሚገባኝ ቀን እልክልሻለሁ።

አነበብኩላት። ሁለታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን፣ አንቺ ከላይ እያየሽን። "ስልክ ነበረሽ" የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። "አለቀ?" አለች። አላለቀም አልኳት። "ታዲያ ቀጥይ" አለች። ቀጠልኩ። ካልሲው ጋ ስደርስ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። "ወዴት ነው የምትወስደኝ?" አለችኝ። የጥር ደብዳቤሽን ሳነብላት እሱን አንቀጽ ዘልዬው ነበር፤ የመጋቢቱን ጭራሹን አላነበብኩላትም። ፊደል የማታውቅ እናቴን፣ እድሜ ልኳን እስከ መጨረሻው ቃል ስትል የኖረችውን ሴትዮ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ አንቀጽና አንድ ደብዳቤ ሰረቅኳት። ምንም አላለችም ያልኩሽ ስላልሰማች ነው። አሁን ሁሉንም ነገርኳት።

ቁጣዋን ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም። "አንዷ ልትወስደኝ፣ አንዷ ልታስቀረኝ። ለመሆኑ እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች። እውነቷን ነው፣ ጭራሮ። ሁለታችንም ስንፋጅባት አንድ ቀን አልጠየቅናትም።

"ስልኩን አምጪው" አለችኝ። ስልክ ወሬ ነው የምትለዋ እማዬ።

አመጣሁት። ግን መጀመሪያ የምጽፈው አለኝ ታገሺኝ አልኳት፤ ደብዳቤ መሆኑን ስታይ እሺ አለች። አሁን ስልኩ ጉልበቷ ላይ ነው። መነጽሯን መልሳ አድርጋለች፤ ስጽፍ እያየችኝ ነው።

ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት በምን እንደምንፈርድ እንጽፋለን፣ ካየን በኋላ እጃችን ያደላል ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ እኔም ድምፅሽን ሳልሰማ እጽፈዋለሁ፤ ከሰማሁሽ በኋላ ማሳመር እጀምራለሁና። ስህተት ያገኘሁ የመሰለኝ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁ ዕለት ስልኩን አነሳሁ፣ የቁጥርሽን ግማሽ ተጫንኩ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ኮቴን ለብሼ ፖስታ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ራሴን "እውነቱን እየነገርኳት አይደል" እለው ነበር። እንድትወድቂ ፈልጌ ነው። እናቴን እንዳትወስጂብኝ፣ ፎቶሽም እንዲወርድ ፈልጌ ነው። አሁንም ሥራው ለአፏጪው ሆነ የሚለውን ሳነብ ከዕንባዬ በፊት የመጣው እፎይታ ነው። እወድሻለሁ፤ እቀናብሻለሁ፤ ሁለቱንም እኩል አውቃቸዋለሁ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጊብኝ፣ ብትሰድቢኝ፣ ወይም ደግነትሽ አሸንፎሽ ተይው ብትይኝ፣ ከዚህ ላይ አንድ ቃል አልሰርዝም። እንዳልሰርዝ አሽጌ ለእማዬ አስይዛታለሁ፤ ነገ አብረን ፖስታ ቤት እንሄዳለን።

ይህ ሲደርስሽ የተባባልነውን ታውቂዋለሽ። እኔ አሁን አላውቀውም። እማዬ ቁጥሩን ጥሪልኝ እያለችኝ ነው።

አለቃ